ደሙ የላሟ ነው ብለው አጠቡኝ

በ1993 ዓ.ም.፣ በክረምት መግቢያ፣ ሰኔ እንደባተ ነው ይህ የደረሰብኝ። የምጽፈው ጎኑን ወይም ሆዱን ተመትቶ ውጭው ደህና የመሰለ ሰው እንዳይዘናጋ ነው። እግዚአብሔርንም ሳላመሰግን እንዳልቀር ነው። ብዙ መናገር አላውቅም። የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ።

የምንኖረው ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከሰፊው የወል መስክ ዳር ነው። በዚያ ዓመት ተምች በቆሎው ላይ ወረደ። ጠዋት ለምልሞ ያየነው ማሳ ማታ አገዳው ብቻ ቆሞ እናገኘዋለን። ትሉ ሲበላ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ካፊያ ቅጠል ላይ ሲወርድ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። በእጃችን ለቅመን፣ በእግራችን ጨፍልቀን አልዘለቅነውም። በመጨረሻ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ተላከችልንና መስካችን ላይ አረፈች። አብራሪው ቃል የማያበዛ ሰው ነው። አብሮት የመጣው መካኒክ ታደለ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ነው። የመድኃኒቱን በርሜል በፒክአፕ መኪና የሚያመላልሰውም እሱ ነበር።

ባለቤቴ ይርሳው እንግዳ ካየ አያስችለውም። በሁለተኛው ቀን ገና ረፋዱ ላይ ምሳ አሠርቶኝ ወደ መስኩ ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ታደለን እጁን ይዞ እየጎተተ ወደ ቤት አመጣው።

«በሞቴ ብዬ ነው ያመጣሁት፤ እንቢ ብሎኝ ነበር» አለኝ እየሳቀ።

የታደለ እጅ በቅባት ጠቁሯል፤ ቢታጠበውም አልለቅ አለው። ስለዚህ ይርሳው ራሱ እያጎረሰ አበላው። «ኧረ በቃኝ ጋሼ» ሲል፣ «አንድ ጉርሻማ ያጣላል!» እያለ ይደግመዋል። ሁላችንም ሳቅን። ደመና መክበድ ሲጀምር አብራሪው ከደጅ ተጣራ፤ ታደለም አፉን እየጠረገ ሮጠ።

አውሮፕላኗ ተነሥታ ረጨች፤ ተመልሳ መድኃኒት ሞላችና ደግማ ተነሣች። አገሩ ሁሉ መስኩ ዳር ቆሞ ያያል። ላማችን በችካል ታስራ ትግጥ ነበር። አውሮፕላኗ ስትመለስ እንዳትደነግጥ ብዬ ሕፃኗን ልጄን ደስታን ለአማቴ ሰጠሁና ልፈታት ሄድኩ።

ችካሉን እየነቀልኩ ቀና ስል አውሮፕላኗ ወርዳለች። ጎማዋ ሣሩን ሲነካ ግራ እግሯ እንደ አራስ ጥጃ ጉልበት ታጠፈ። ክንፏ መሬት ላይ ወደቀ። አፈሩን እየገመሰች ዞረችና ፊቷን ወደ እኔ አደረገች። ከአፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረው ብረት የላሟን አንገት ከትከሻዋ ለየው። ከዚያ አንድ ነገር ግራ ጎኔን መታኝ፤ የክንፉ ጫፍ ነው አሉ። እኔ ያወቅሁት መሬቱ ከእግሬ ሥር መጥፋቱን ብቻ ነው። ላሟ በላዬ ፈሰሰች። ዓይኔ፣ አፌ፣ ጆሮዬ ደም ሆነ። እግሯ አጠገቤ ይራገጥ ነበር።

ይርሳው ከሩቅ ሲያየኝ የሞትኩ መሰለው። ወደ እኔ አልመጣም፤ ዱላውን ይዞ ወደ ታደለ ሄደ።

«ሚስቴን ገደልካት!»

የመጀመሪያው ምት ታደለን ግንባሩ ላይ ፈነከተው። ሁለተኛው ጀርባው ላይ አረፈ። ታደለ በእጁ እንኳ አልመከተም። ሦስተኛውን ሊያሳርፍ ሲል ሰዎች ዘለው ያዙት፤ እሱም ያዡን በጥርሱ ነከሰው። አብራሪው ፊቱ ተሰብሮ፣ ጥርሱ ወልቆ ከውስጥ ተጎትቶ ወጣ። መስካችን ያን ቀን እንደ መታረጃ ቦታ ሆኖ ነበር።

እኔን ሴቶቹ ከበቡኝ። ልብሴን ቀድደው በእንስራ ውኃ ያጥቡኝ ጀመር። ራሴን አዩ፣ ደረቴን አዩ፣ እግሬን አዩ።

«ጭረት የለባትም! ደሙ የላሟ ነው! ተመስገን በሉ!» ብላ አማቴ ጮኸች።

እልልታ ሆነ። እኔም ተነሥቼ ቆምኩ፤ ልጄን ተቀብዬ አጠባሁ። ጎኔ ላይ የምትደማ ስፍራ ባለመኖሯ ሁሉም ደስ አለው። ያን ጊዜ በሆዴ ውስጥ መድማት ጀምሬ ነበር።

ማታ ጋደም ስል ግራ ትከሻዬን ወጋኝ። ጎኔ ያመኛል፤ ትከሻዬ ግን ይብሳል። ስቀመጥ ይተወኛል፤ ስተኛ ይመለሳል። ልጄ ደረቴ ላይ ሆና እየተነፈሰች፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ማርያምን እየጠራሁ አነጋሁ።

በማግስቱ ወጌሻው አያ ሞላ ተጠሩ። የተሰበረውን ሁሉ የሚጠግኑ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ትከሻዬን ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወልቋል፣ ልጄ።»

«እጄን እኮ አነሣዋለሁ፣ አያ ሞላ።»

«እንግዲያስ ጅማቱ ዞሯል። ያዟት!»

ይርሳው ወገቤን፣ ወንድሙ እግሬን ያዙ። አያ ሞላ ቅቤ ቀብተው በአውራ ጣታቸው ገቡበት። ጮህኩ። የጎኔም ሕመም አብሮ ይነሣ ነበር።

«ጩኺ፣ ጩኺ፣ ይውጣልሽ» ይላሉ። «በቅሎ የጣላቸውን፣ በሬ የወጋቸውን ብዙ አሽቻለሁ። አውሮፕላን የጣላት ሴት ግን የመጀመሪያዬ አንቺ ነሽ!»

ሰው ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። በክፋት ያደረጉት አይደለም፤ የማይታየውን ከየት አምጥተው ይዩ? ግን ደጋግመው መጥተው አሹኝ፤ በታሸሁ ቁጥር እየደከምኩ ሄድኩ።

ቀጥሎ ራሴን ያዞረኝ ጀመር። ከመቀመጫዬ ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። የሰኔን ጾም እጾም ስለነበር ሁሉም በጾሙ ፈረደ።

«የምታጠባ ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን አስጾማት? ጉልበቷን ጨርሶት ነው» አለች አማቴ።

የንስሐ አባቴም መጥተው፣ «ልጄ፣ ለአንቺ ፈቅጄልሻለሁ፤ ብዪ» አሉኝ። በላሁ። ማዞሩ ግን አልተወኝም። ከንፈሬ አመድ መሰለ። እጄን በክረምት ላብ ያጠምቀው ጀመር።

ይርሳው ከተማ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ወረፋው ረጅም ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደግፌ ከሚያስሉ ሕፃናት ጋር ጠበቅሁ። ሲደርሰን ባለሙያው ምን እንደሆንኩ ጠየቀ።

«ወድቃ ነው፤ ትከሻዋን ያማታል» አለ ይርሳው።

አውሮፕላኑን አላነሣም። ታደለን ስለፈነከተ ነገሩ ፖሊስ ዘንድ እንዳይደርስ ፈርቶ ነበር። ባለሙያው በግራ ሆዴ በኩል ተጫነኝ፤ አቃሰትኩ።

«ወባ ታሞሽ ያውቃል?»

«በየዓመቱ» አልኩት።

«ይኸው ነው። ጣፊያሽ አብጧል። የወባ ነው።»

የወባ ክኒን አዘዘልኝ፤ ለትከሻዬ መርፌ ወጋኝ። ጣፊያዬ ማበጡን አገኘ፤ ለምን እንደሚያመኝ ግን አልደረሰበትም። እኛም አልነገርነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ትንሽ ሻል አለኝ። ምንጭ ወረድኩ። ጀሪካኑን ሞልቼ ወደ ጀርባዬ ላዞር ጎንበስ ስል በግራ ጎኔ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጨርቅ ተቀደደ። ከዚያ ሙቀት ሆዴን ሞላው። ጭቃው ላይ ወደቅሁ። ሴቶቹ ሲጮኹ እሰማለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም።

በቃሬዛ ተሸክመው ሲሮጡ መስኩን አቋረጡ። አውሮፕላኗ ሸራ ለብሳ፣ ባንድ ጎኗ አጋድላ ቆማለች። ታደለ እሷን እየጠበቀ እዚያው በድንኳን ይኖር ነበር። ግንባሩ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ሲያየን የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ሮጦ መጣ።

«እንዳትነካት!» አለው ይርሳው። ዱላው አሁንም በእጁ ነው።

«ጋሼ፣ እኔን በኋላ ይግደሉኝ። መኪናው ያለው አሁን ነው።»

ይርሳው ዱላውን ጣለ። አማቴ ልጄን ይዛ ከፊት ገባች። እኔን ከኋላ ወንበር አጋደሙኝ፤ ራሴ የይርሳው ጭን ላይ ነው። ታደለ ቡሬ ላይ አልቆመም፤ በቀጥታ የፍኖተ ሰላምን መንገድ ያዘ። በጠጠሩ መንገድ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሆዴ በቢላ የሚታረስ ይመስለኛል። ማንኩሳን አለፍን። ከዚያ ይርሳው ተናገረ።

«የአውሮፕላኗ ምኗ ነው የተሰበረው?»

«አልተሰበረም» አለ ታደለ መንገዱን እያየ። «እግሯን ከሆዷ ጋር የሚያያይዝ ብሎን አለ። ወልቆ ነው።»

«ያረጀ ነበር?»

«አዲስ ነው። ቅባት ልቀባው ፈትቼ መለስኩት። ብሎኑን የሚይዘውን ዳዶ በጣቴ ብቻ አስያዝኩት። በመፍቻ አጥብቄ በሽቦ ማሰር ይቀረኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

ይርሳው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«ለምን ተውከው እኮ ነው የምልህ!»

«ለምሳ ተጠርቼ።»

የይርሳው እግር ከራሴ ሥር ሲደነድን ተሰማኝ።

«ይችን ላጥብቅ ብዬዎት ነበር» አለ ታደለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ በሞቴ አሉኝ። መፍቻውን ከእጄ ወስደው ሣሩ ላይ ጣሉት። ስመለስ አብራሪው ይጣራል፣ ደመናው ይመጣል። ያጠበቅሁት መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ስለ ብሎን አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ እንቢ ማለት ነበረብኝ።»

አንድ ትኩስ ጠብታ ግንባሬ ላይ ወደቀ። እኔና ይርሳው ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሆስፒታሉ በሰው ተሞልቷል። ከጅጋ የመጣች አንዲት ሴት ተራዋ ደርሶ በሩን ልትገባ ስትል ፊቴን አየችና ወደኋላ አለች። «እሷ ትግባ፤ እኔ የቆየ ሕመም ነው ያለብኝ» አለች። ስሟን አላውቅም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ «ያቺ የጅጋ ሴት» እያልኩ አነሣታለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የዓይኔን ሽፋን ገልብጦ አየ፤ ሆዴን ዳሰሰ፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ትከሻሽን ያምሻል? ግራውን?»

ማንም ስለ ትከሻዬ አልነገረውም ነበር። በዓይኔ አዎ አልኩት።

«ምን መታት?»

ይርሳው ታደለን አየ። ታደለ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«አውሮፕላን ነው፣ ዶክተር።»

«ምን?»

«አውሮፕላን ነው የመታት። ከሳምንት በላይ ሆኗታል። ብሎኑን ሳላጠብቅ ትቼው።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። መርፌ ሆዴ ውስጥ አስገብቶ ሳበ፤ ጥቁር ደም ወጣ። ለይርሳው ያስረዳውን እኔም ሰምቻለሁ። ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ናት። ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው አብጦ እንደ በሰለ ፍሬ ይሳሳል። ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ደሙ ግን አንዳንዴ በሽፋኑ ውስጥ ይታቆርና ቀን ይሰጣል። ኋላ ሽፋኑም ይቀደዳል። የፈሰሰው ደም የሆድን ጣራ ሲነካ ሕመሙ በጅማት ተጉዞ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል።

«ትከሻዋ ምንም አልሆነም። አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አታድርም። ደም የሚሰጣት ማን አለ?» አለ።

ታደለ ቀድሞ እጅጌውን ጠቀለለ። ነርሷ ግንባሩን አየችው።

«አንተማ የራስህን ገና አፍስሰህ መጣህ። ማን ነው እንዲህ የፈነከተህ?»

«ከክንፏ ጋር ተጋጭቼ ነው» አላት።

ይርሳው ወለሉን አየ። ከዚያ ክንዱን ዘረጋላት።

«ከእኔ ቅጂ። እስኪያልቅ ቅጂ።»

«እስኪያልቅ አንቀዳም፣ ጋሼ። የሚያርስላትስ ማን ሊሆን ነው?» አለች።

በእኛ አገር ያን ጊዜ ደም መስጠት ይፈራ ነበር፤ የሰጠ ሰው ጉልበቱ አይመለስም ይባላል። የይርሳው ደም ከደሜ ገጠመ። ይህንንም ያደረገ እግዚአብሔር ነው።

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉኝ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እንድፈታ ተጠየቅሁ። ጥርሴን ነክሼ እንቢ አልኩ። ማተቤን ከፈቱት የምሞት መሰለኝ። ነርሷ አልተጣላችኝም። ፈታ በንጹሕ ፋሻ ጠቀለለችውና እጄ አንጓ ላይ አሰረችልኝ። «ይኸው፣ እታለም፤ ከአንቺ አልተለየም» አለችኝ። ከዚያ የልጄ ልቅሶ ከኮሪደሩ ተሰማኝ፤ ሌላ አላውቅም።

ስነቃ ሆዴ ከደረቴ እስከ እምብርቴ ተሰፍቷል። ካፍንጫዬ ቱቦ፣ ከጎኔ ቱቦ ወጥቷል። ስተነፍስ ስፌቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነክሰኛል። ውኃ ጥም አንደበቴን አጣበቀው፤ ጠብታ እንኳ አይሰጡኝም። ጡቴ በወተት ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ሆነ። ልጄ ስታለቅስ ይፈሳል፤ እኔ ግን ላቅፋት አልችልም። አጠገቤ ፈረስ ቤት ከምትባል ከተማ የመጣች ወላድ ተኝታ ነበር። አማቴን ጠራቻትና፣ «ወዲህ በያት፤ የእኔ ለሁለት ይበቃል» ብላ ደስታን ከራሷ ልጅ ጋር አጠባቻት። ተኝቼ አየኋቸው። ሁለቱም ባንድነት ሲጠቡ።

ቁስሉ አመረቀዘ፤ ስፌቱን እንደገና ከፍተው ያጥቡት ነበር። በዚያ ጊዜ አልጋውን በሁለት እጄ ጨብጬ መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ፤ የማላስታውሰው ቦታ ስደርስ ደግሞ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ትኩሳት ወጣ፣ ወረደ። በሬያችን ተሸጠ። ይርሳው ከመሬት ላይ ሰሌን አንጥፎ ሰነበተ። ታደለ በየጊዜው ይመጣል፤ ከበሩ ቆሞ ያየኛል፤ ይሄዳል። አንድ ቀን ይርሳው ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ተንበርክኮ ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸከመ። እኛ ዘንድ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ያደርጋል። ታደለ ከተማ ያደገ ነውና ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ደንግጦ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? አሁን ደግሞ እርስዎን ሊገድልዎት ነው!» እያለ ድንጋዩን ነጥቆ ጣለው። በመስኮት ያዩ በሽተኞች ሁሉ ሳቁ። የእኔንማ ስፌት ሳቁ ሊፈታው ደርሶ ነበር።

ስወጣ ሐኪሙ አስጠነቀቀኝ። ጣፊያ ወጥታለች፤ ያለ እሷ መኖር ይቻላል፤ ግን ትኩሳት ሲነካሽ «ነገ ያልፋል» አትበዪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ በአጎበር ሥር ተኚ አለኝ። እስከ ዛሬ እንዲሁ አደርጋለሁ። ይህን የምታነቡም፣ ሰው ጎኑን ከተመታ ቁስል የለም ብላችሁ እልል አትበሉ። ትከሻውን ካመመው፣ ካዞረው፣ ከንፈሩ ከነጣ፣ አታሹት፤ በጾም አታሳብቡት። ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ምን እንደመታውም ሳትደብቁ ንገሩ።

ወደ ቤቴ የተመለስኩት ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ተምቹ በዝናቡ አልቋል፤ ከበቆሎው ግማሹ ተርፏል። መስኩ ላይ ላሟ የወደቀችበት ሣር ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ አድጓል። የአውሮፕላኗ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ታደለ በነጋታው ጠግኖ ሊጨርስ መሆኑን ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ አገልግል አዘጋጀሁ። ከባድ ነገር አትሸከሚ ስለተባልኩ ይርሳው ያዘልኝ። ምርኩዝ ይዤ፣ ቀስ እያልኩ መስኩን ተሻገርኩ። ታደለ ከአውሮፕላኗ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ብሎን ያጠብቃል። ይርሳው እንዳየው አፉን ከፈተ።

«አንተ ታደለ! ና በሞ—»

ክንዱን ያዝኩት። ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ታደለ አጠበቀ፤ ሽቦውን በብሎኑ ቀዳዳ አሳልፎ ጠመዘዘው፤ በእጁ ሳበው። ወጥቶ ቆመና እጁን ጠረገ።

«ጨረስክ?» አልኩት።

«ጨረስኩ፣ እትዬ።»

«ጎንበስ ብለህ እየው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። ወደ ሌላኛውም እግር ዞሮ ያንንም አየ።

ከዚያ አገልግሉን ከፈትኩለት።